መስመሩ ላይ ጆሮ አለ

ጥቅምት 9

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እትዬ፣

እንደ ምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ሬዲዮሽስ? ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ስለሚታመሙ አብሬ ጠየቅኩ። እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ብርድ በቀር አንድም ነገር አልጎደለብኝም፤ አምላክ ይመስገን።

ስልክ እንዳልደውል ከልክለሽኛል። ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጠሽ የሰው ወሬ በጆሮሽ ሲያልፍ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣሽ ማግስት ስልክሽን ከነገመዱ ነቅለሽ ለጎረቤት የሸለምሽ ሴት ነሽና ይኸው እጽፋለሁ። «ምን እንደምትማሪ በሚገባኝ ቋንቋ ካልጻፍሽልኝ መልስ አትጠብቂ» ብለሽኛል። እሺ፣ ልሞክር።

የምንሠራበት ክፍል ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ስንገባ ጫማችን ላይ ላስቲክ እናጠልቃለን። ከበሩ በስተጀርባ ጥቁር መጋረጃ አለ፤ መጋረጃውን ሳይዘጋ በሩን የከፈተ ሰው ሳምንቱን ሙሉ በነገር ሲጠበስ ይሰነብታል። መሀል ላይ ሁለት አልጋ የሚያህል የብረት ጠረጴዛ ተዘርግቷል። እግሮቹ ውስጥ አየር ስለተሞላ የሰው ኮቴ አያናውጠውም። ላዩ ላይ አውራ ጣት የሚያካክሉ መስተዋቶች በብሎን ታስረዋል፤ የእኔ ሥራ እነሱን በፀጉር ስፋት ልክ እያዞርኩ ብርሃኑን ወደሚፈለግበት መምራት ነው።

ብርሃኑ ደግሞ አምፖል የሚያበራልሽ ዓይነት አይደለም። እናደክመዋለን፣ እናደክመዋለን፣ በመጨረሻ አንድ አንድ ብቻ ሆኖ መውጣት ይጀምራል። እንዴት ልበልሽ፤ ዱቄት ስትገዢ ሩብ ኪሎ ስጠኝ፣ የሩቡን ሩብ ስጠኝ ማለት ትችያለሽ። እንቁላል ግን ወይ አንድ ነው ወይ ምንም። ብርሃን በጣም ከደከመ በኋላ እንደ እንቁላል ነው፤ ግማሽ የለውም። በእነዚህ እንቁላሎች፣ መሀል ላይ የተቀመጠ ሰው ሰርቆ ሊሰማው የማይችል መስመር ነው የምንዘረጋው። ሁለተኛ ዲግሪዬ ይኸው ነው።

አባቴስ? ማተሚያ ቤቱ እንዴት ነው? አሁንም የሱቅ ታፔላ ሳይቀር ያርማል? ቪዛዬ የመጣ ዕለት የሆነውን አንቺ አላየሽም። «ምን ልትማሪ ነው? እስቲ ጻፊልኝ» ብሎ ቀዩን እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ቁራጭ ወረቀት ላይ «ኳንተም» ብዬ ጻፍኩ። «በእኛ ቋንቋ ምን ይባላል?» አለኝ። እስክሪብቶውን መለስኩለት። «ስም ለሌለው ነገር አገር አቋርጦ አይኬድም» ብሎ ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተታት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። ስደውልለት «መስመሩ ይቆራረጣል» ብሎ ይዘጋዋል። ገና ሃሎ ሳልል እንዴት ተቆራረጠ?

ስለ እሱ የምታውቂውን ሁሉ ጻፊልኝ።

የወንድምሽ ልጅ

ህዳር 14

ለእመት ለምን፣

እንደ ምን አለሽልኝ የኔ አበባ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ግን የራሱ ሰው ሆኗል፣ ለብቻው ይጻፍልሽ። ሬዲዮውም አንድ ጣቢያ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅም ብሏል። ቀኑን ሙሉ የከብት ዋጋ ይነግረኛል። ከብት የለኝ!

የእንቁላሉ ነገር ገብቶኛል። እንዲያውም ለባለሱቁ ብነግረው «ታዲያ ይሄን ለመማር ባህር ማዶ ምን አስኬዳት? እኔ ጋ አትመጣም ነበር?» አለኝ። አልፈርድበትም።

ሰርቆ የሚሰማ የማይገባበት መስመር የምትይውን ሳነብ ግን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። አይ አንቺ! ጆሮ የማይገባበት መስመር የለም የኔ ልጅ። እኔ ያንን ሁሉ አመት የደዋዮችን ገመድ ስሰካና ስነቅል ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ማንን ሊያገባ እንዳሰበ ከባለቤቶቹ ቀድሜ አውቅ ነበር። ጥበቡ ትንፋሽ መያዝ ነው። ማስነጠስ ከመጣብሽ አፍንጫሽን ቆንጠጥ አድርጊ። ይሄው ነው። እዛ ያሉት ምሁራን ይሄንን ያውቃሉ? አሁን ደግሞ እንዳዳመጥኩ አድርገሽ ለሰው እንዳታወሪ። የስራ ጉዳይ ነው የነገርኩሽ።

አባትሽ ደህና ነው። ያው አራሚው አራሚ ነው። በቀደም የጎረቤታችን አዛውንት አርፈው በራቸው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ ያለቅሳል፤ የኔ ወንድም ሆዬ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ «ሀዘን» የሚለውን ያርማል። «በብዙሀኑ ነው የሚጻፈው» ብሎኝ እርፍ! እኔስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሟቹ ልጅ አይቶ ምን እንዳለው አልጽፍም፤ ፖስታ ቤቱ ያፍራል።

ስለ አንቺ አያነሳም። እኔም አላነሳበትም። የሱን ኩርፊያ ታውቂዋለሽ፤ ከገፉት ይብሳል። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ያለው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ወዴት ይሄዳል?

ከተቻለሽ ማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ። የኔ አንዱ እግሩ ተሰብሮ በክር አስሬዋለሁ፤ ሳነብ አፍንጫዬ ላይ ይንሸራተታል።

እትዬሽ

ጥር 3

ለውድ እትዬ፣

እጅግ ለዘገየው መልሴ ይቅርታ እየለመንኩ፣ ሰላምታዬ ከእግር እስከ ራስሽ ይድረስሽ። ፈተና ላይ ነበርኩ። ከፈተናው በላይ ደግሞ መስመራችን ታሞብን ነበር፤ እሱን እነግርሻለሁ።

መነጽሩን በፖስታ ልኬያለሁ። ክፈፉ ቀይ ነው፤ ቀይ ያምርብሻል።

አሁን ስለ ትንፋሽ መያዝሽ። እትዬ፣ በአንቺ መስመር ድምፅ እንደ ውኃ ነበር የሚፈስሰው። ከወንዝ አንድ ጭልፋ ብትቀጂ ማን ያውቅብሻል? በእኛ መስመር የሚሄደው ግን እንቁላል ነው። ሳትነኪው ውስጡን ማየት አትችዪም፤ ከነካሽው ደግሞ ይሰበራል። ስለዚህ እንዳይታወቅብሽ በቦታው ሌላ እንቁላል ማስቀመጥ አለብሽ። ችግሩ ምን መሰለሽ፤ የተሰበረው ምን ዓይነት እንደነበረ ሙሉ በሙሉ አታውቂም። ትገምቻለሽ። ስትገምቺ አንዳንዱን ትስቻለሽ። እኛም ላኪና ተቀባይ ሆነን ከላክነው መካከል ጥቂቱን አውጥተን በግልጽ እናስተያያለን። ስሕተቱ ከበዛ «መስመሩ ላይ ጆሮ አለ» እንልና የላክነውን ሁሉ እንጥለዋለን። አንዳንዴም ከእውነተኞቹ ጋር ማባበያ እንቀላቅላለን፤ ሌባው መርጦ መስረቅ ሲጀምር በማባበያው ይጋለጣል። አንቺን ራስሽን በሁለት ደቂቃ ነበር የምንይዝሽ!

በሽታችን ይኸው ስሕተት ነው። ሰማይ በጠራ ቀን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ስሕተቱ ያሻቅባል። ጓደኞቼ «ጎረቤት ክፍል ያሉት ናቸው የሚነካኩት» ብለው ሊጣሉ ደረሱ። አለቃችን አጭር ሴት ናት፤ ጠረጴዛው ላይ ለመድረስ በርጩማ ላይ ትቆማለች። «መጀመሪያ ራሳችሁን ጠርጥሩ፣ ቀጥሎ አየሩን፣ ሌባን በመጨረሻ» አለችን። እስካሁን ራሳችንን እየጠረጠርን ነው።

አባቴ ስለ እኔ ጠየቀሽ ወይ?

የወንድምሽ ልጅ

የካቲት 20

ለእመት ለምን፣

የልቤ መብራት እንደ ምን ነሽ? መነጽሩ ደረሰኝ። አድርጌ ቤቴን ዞር ብዬ ባይ ጊዜ አወለቅኩት። ቤቴ እንዲህ አቧራ ነበረው እንዴ? ያላየሁት ይሻለኝ ነበር። ለማንበብ ግን አንደኛ ነው።

በሁለት ደቂቃ እይዝሻለሁ ላልሽው ነገር መልስ አለኝ፤ ጊዜ ሲኖረኝ እጽፈዋለሁ። ለዛሬ ግን ሶስት ጥያቄ አለኝ። በደንብ እንድትመልሺልኝ በተራ በተራ አስቀመጥኩት፦

አንደኛ፦ የብርሃኑ ቅንጣት ከዚያ በታች ሊከፈል የማይችል ከሆነ፣ ስም ሊወጣለት የሚገባው ከትንሽነቱ ነው ወይስ ካለመከፈሉ? ሁለተኛ፦ ይህ ዓይነቱ ጠባይ የብርሃን ብቻ ነው ወይስ የሌላውም ኃይል ሥርዓት ነው? ሦስተኛ፦ ሥራሽን ስታስረጂ «እንቁላል» ማለትሽ ለጊዜው ያግባባል። ነገር ግን እንቁላል በመጨረሻ ይከፈላል፤ አስኳልና ነጭ አለው። ቃሉ ይታሰብበት።

ይሄው ነው ጥያቄዬ። እኔም አንዳንዴ አስባለሁ እኮ፣ ምን ታየኛለሽ?

ከመነጽሩ ሌላ አላስቸግርሽም ብዬ ነበር። ግን ቀይ እስክሪብቶ ብታገኚ፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ። እዚህ የሚሸጠው ቀለሙን ይተፋል።

አባትሽ ደህና ነው። በአፉ ስለ አንቺ አልጠየቀኝም።

እትዬሽ

መጋቢት 17

ለማከብርሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ለጥያቄዎችሽ መልስ ልስጥ፣ ከዚያ ተራው የእኔ ነው።

ስሙ የሚወጣለት ካለመከፈሉ ነው። ትንሽነቱ አጋጣሚ ነው። ሁለተኛው፣ አዎ፣ የብርሃን ብቻ አይደለም፤ አንድ ቦታ የታሰረች ቅንጣት ጉልበቷም እንደ ደረጃ ነው የሚወጣው፤ አንዱን ረግጠሽ ወደሚቀጥለው ትዘልያለሽ እንጂ በሁለቱ መሀል እግር ማሳረፊያ የለም። የእንቁላሉ ነገር እውነት ነው፤ አፈርኩ። ሌላ ቃል ግን የለኝም። ቃል ቢኖረኝ ኖሮ ያን ዕለት ለአባቴ ጽፌለት ነበር።

አሁን የእኔ ጥያቄ። እትዬ፣ አንቺ እኮ «በስልክ ሁለቱም ሰ አንድ ናቸው» ብለሽ ዕድሜሽን ሙሉ በእሳቱ ሰ ብቻ የጻፍሽ ሴት ነሽ። አባቴ ስንት ጊዜ እንደተቆጣሽ ትዝ ይለኛል። ታዲያ «ሥራሽን» በንጉሡ ሠ ከመቼ ወዲህ ነው? «ዓይነቱ» በዓይኑ ዐ፣ «ኃይል» በብዙኃኑ ኀ? ከዚያች አንቀጽ በላይም በታችም ያለው ያንቺው ነው፤ «ስራ» ነው፣ «ሶስት» ነው። መሀል ላይ ብቻ ፊደሉ ተለውጧል። ቀይ እስክሪብቶ ደግሞ ለምንሽ ነው?

መስመራችን ላይ ጆሮ አለ እንዴ?

ቶሎ ደስ እንዳይለኝ ግን ራሴን እየያዝኩ ነው። የእኛን በሽታ ምንጭ አገኘነው፤ ሌባ አልነበረም። መስመራችን ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲያልፍ ጥቂት ክንድ ያህል በውጭ ግድግዳ ላይ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታርፍበት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ብርሃኑን ያጣምመዋል። ፀሐይ ናት በቃ! ለዚያች ፀሐይ ስንል ከጎረቤት ክፍል ሰዎች ጋር ሰላምታ አቁመን ነበር፤ አሁን በየተራ ይቅርታ እየጠየቅን ነው። ስለዚህ ያንቺም ፊደል ፀሐይ ሊሆን ይችላል። አላውቅም። ግን ልቤ መጥፎ ሆነብኝ፤ ተስፋ አደረገ።

ሌላም ነገር አለ። አለቃዬ ለሦስተኛ ዲግሪ እንድቀጥል ጠይቃኛለች። አራት ዓመት ነው። መልሴን እስከ ሰኔ መጨረሻ ትፈልጋለች። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ጨለማ ክፍል እየሮጥኩ ነው የምሄደው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ አባቴ አንድ ቃል ሳይናገረኝ ሌላ አራት ዓመት አልችልም። እሺ ባይል እምቢ ይበለኝ፤ ይቆጣኝ፤ ይስደበኝ። ዝምታው ነው ያቃተኝ።

ቀይ እስክሪብቶዎቹን ልኬያለሁ። ጫፋቸው ቀጭን ነው።

የወንድምሽ ልጅ

ሚያዝያ 28

ለእመት ለምን፣

ሰላም ነሽ ወይ የኔ መርማሪ? ዘግይቻለሁ። መልሱን ሳስብ ነው።

ስለ ሰ እና ስለ አ የጻፍሽውን አነበብኩ። እኔ እንጃ። መነጽሩ ይሆናል። አዲስ መነጽር ብዙ ነገር ያመጣል ይላሉ። ቀዩ እስክሪብቶም ደርሷል፤ ለጽጌረዳዎቼ ስም ልጽፍበት ነው። ጽጌረዳ ስም አይወጣለትም ያለው ማነው?

አባትሽ ማክሰኞ ማክሰኞ ሬዲዮውን ሊጠግንልኝ ይመጣል። ሬዲዮው አሁንም የከብት ዋጋ ነው የሚያወራው። እሱ ሲመጣ እኔ ጽጌረዳ ላጠጣ እወጣለሁ። ስመለስ እሱ ሬዲዮውን እያየ ነው፤ ሬዲዮው ስር ያስቀመጥኩት እቃ ግን ከቦታው ትንሽ ዞሯል። ከዚህ በላይ እንዳትጠይቂኝ። ቃል ሰጥቻለሁ። ያን ሁሉ አመት የሰው ሚስጥር ጠብቄ አሁን በስተርጅና ላፈርሰው ነው? አላደርገውም።

ግን ስለ ስራዬ አንድ ነገር ላጫውትሽ። በሁለት ደቂቃ እይዝሻለሁ ላልሽው መልስ ይሄ ነው። በህይወቴ አንድ ቀን ብቻ ተይዣለሁ። አንድ ሰውዬ እጮኛውን «አውቶብሱ የሚነሳው በሁለት ሰአት ነው፣ እንዳታረፍጂ» ይላታል። አውቶብሱ የሚነሳው በአንድ ሰአት ነው! ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ባዶ ሜዳ ላይ ስትቆም ታየኝ። ትንፋሼን ያዝኩ፣ ያዝኩ፣ አልቻልኩም። «በአንድ ሰአት ነው እንጂ አንተ ደንቆሮ!» ብዬ ጮህኩ። አለቃዬ ጠርቶኝ ምን እንዳደረገኝ ተይው።

ይሄን ለምን እንደነገርኩሽ አላውቅም። ሰው ተደብቆ ሲሰማ ዝም የሚለው የሚሰማው ሁሉ ልክ ሲሆን ነው። በቃ ወሬ ነው።

ለሶስተኛው ዲግሪ ሳትቸኩዪ መልሺ። እባክሽ።

እትዬሽ

ግንቦት 19

ለውድ እትዬ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ብዙ ነው፤ ደብዳቤዬ ግን አጭር ነው።

ወስኛለሁ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ከአባቴ አንድ ቃል ካልመጣልኝ የሦስተኛ ዲግሪውን ትምሕርት አልቀበልም ብዬ ለአለቃዬ እጽፋለሁ። እሷ ታዝናለች፤ እኔም አዝናለሁ። ግን አባት እያለው አባት እንደሌለው ሰው አራት ዓመት የሚቀመጥ ካለ እሱ ይቅር ይበለኝ፣ እኔ አይደለሁም።

ደግሞ እኮ ትምሕርት ያስወደደኝ እሱ ነው። ልጅ ሆኜ ማተሚያ ቤቱ ወስዶ ከጎኑ ያስቀምጠኝ ነበር። የቀለሙ ሽታ፣ የማሽኑ ድምፅ፣ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው እርጥብ ወረቀት ሁሉ ትዝ ይለኛል። «ለምን እንዲህ ይጻፋል?» ስለው አንድም ቀን ዝም በዪ ብሎኝ አያውቅም። እመት ለምን ያለኝም መጀመሪያ እሱ ነው፣ አንቺ ከእሱ ነው የወሰድሽው። የምድር ቤቱ ሥራም ያው ነው፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቅ። ከእሱ ቤት ያልጀመረ ትምሕርት የለኝም።

ይኸው ነው። ደብዳቤውን አንብበሽ ስትጨርሺ ሬዲዮው ሥር አስቀምጪልኝ። ማክሰኞ ጽጌረዳሽን በደንብ አጠጪ፤ አትቸኩዪ።

የወንድምሽ ልጅ

ሰኔ 16

ለልጄ፣

ጤንነትሽን እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ።

የግንቦት 19 ደብዳቤሽ ታርሞ ከዚህ ጋር ተመልሶልሻል። ፊደልሽ በጠቅላላው ንጹሕ ነው፤ አልረሳሽም። አንድ ቃል ግን ሦስት ጊዜ ተሳስተሻል። አንድ ጊዜ ቢሆን ድካም ነው እል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቢሆን ቸልታ። ያቺኑ ቃል ሦስት ጊዜ፣ ሌላውን ሁሉ በትክክል ጽፎ፣ ይህ ወጥመድ ነው። ሁለት ማክሰኞ አልፌው ሄድኩ። በሦስተኛው እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ወጥመድ መሆኑን እያወቅኩ ነው የገባሁበት፤ ይህ ይመዝገብልኝ።

ስለዚህ፦ ትምህርት በሃሌታው ሀ ነው። በሐመሩ ሐ የሚጻፈው ምሕረት ነው። በልጅነትሽ ነግሬሻለሁ። ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው አንዱን ፈልጎ ሌላውን ይጽፋል። የፈለግሽው የትኛውን እንደሆነ ገብቶኛል። ሁለቱም ይገቡሻል።

ለእትዬሽ የላክሻቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ አንብቤያለሁ። ላንቺ የላከቻቸውን ጥያቄዎች የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንድትገለብጥ ሰጠኋት፤ እንደ ራሷ አድርጋ ትጽፈዋለች ብዬ ነበር፣ ፊደሉን ሳይቀር ገለበጠችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ስሕተት ጽፋ እኔን አጋለጠችኝ።

ያን ዕለት ኪሴ የከተትኳት ቁራጭ ወረቀት ከዚህ ጋር አለች። ኪሴ ውስጥ ስለከረመች እጥፋቷ ሊቀደድ ደርሷል፤ ቀስ ብለሽ ዘርጊያት። ያንቺን ቃል በቀይ ሰርዤ ከላዩ የእኔን ጽፌያለሁ። ብዙ ሞከርኩ። «ቅንጣት» ትንሽነቱን እንጂ አለመከፈሉን አይናገርም። «ነጠላ» ብዬ ነበር፤ ልብስ መሰለብኝ። በመጨረሻ «ድፍን» አልኩት። ያልተከፈለ፣ ያልተዘረዘረ፣ ወይ ሙሉውን ወይ ምንም። አንቺ በላክሽው ማብራሪያ ልክ ነው የሰፋሁት። እትዬሽ «ድፍን ቅል ልትሆን ነው እንዴ ባሕር ማዶ የሄደችው?» ብላ ስቃብኛለች። ትሳቅ። የተሻለ ቃል ካገኘሽ ጽፈሽ ላኪ፤ አርመዋለሁ።

ስም ለሌለው ነገር አይኬድም ብዬሽ ነበር። አሁን ስም አለው። ሰበብ አጣሁ። እውነቱን ከፈለግሽ፣ ያን ዕለት የጠፋኝ ስሙ አልነበረም፤ ቤቱ ያለ አንቺ ምን እንደሚመስል ነው። እሱን አየሁት። ከባድ ነው። ይቻላል።

ለአለቃሽ እሺ ብለሽ መልሺ። ተማሪ።

ከእንግዲህ ደብዳቤሽን በእኔ ስም በቀጥታ ላኪ። በመሀል የሚሰማ ሰው አያስፈልገንም። ብትደውዪም መስመሩ አይቆራረጥም።

አባትሽ

እመት ለምን፣ እኔ ነኝ። ከስር በእርሳስ የምጽፍልሽ ወንድሜ እንዳያይ ነው። ፖስታውን የማሸግ ስራ ለኔ ተሰጠኝ፣ ስራዬን ሰራሁ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ትንፋሼን ይዤ። ማንም አላወቀብኝም፤ እነዛን የምድር ቤት ምሁራን ሰላም በይልኝ።

አንድ ነገር ብቻ። «ተማሪ» የሚለው ቃል ላይ ቀለሙ ረጥቦ ተዘርግቷል። እስክሪብቶው ነው እንዳትዪ። አንቺ የላክሽው አይተፋም።